ለጥርስ ሕክምና የብቃት ፈተና መሠረታዊ ሳይንስን መከለስ፦ መጽሐፍ፣ ሃንድአውት፣ ጥያቄ ወይስ ቡድን?

ከአጋሮ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ሥር ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። ሦስት ሌሊት አልተኙም። ማደንዘዣውን እዚያው እብጠቱ አጠገብ ወጋሁና ጠበቅኩ። ጥርሱን ገና ስነካው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ምንም አልያዘኝም እኮ» አሉ። ደገምኩ። ያው ነው።

ከኋላዬ የቆመው ሲኒየር አንድ ነገር ጠየቀኝ። «የሊዶኬይን ፒኬኤ ስንት ነው?»

7.9 አልኩ። ሳላስብ ነው የመለስኩት። ገና ክሊኒክ ሳንገባ የሸመደድኩት ቁጥር ነው። «እሺ፣ መግል ባለበት ቦታ ፒኤቹ ስንት ይመስልሃል?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ቻርጅ ያለውና ቻርጅ የሌለው። ፒኬኤው ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ፒኤች ነው፤ ፒኤች ደግሞ የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል። የነርቩን ሽፋን ሰንጥቆ የሚገባው ቻርጅ የሌለው ነው። ፒኤች 7.4 በሆነ ጤነኛ ቲሹ ውስጥ ከመድኃኒቱ ሩቡ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል። ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ግን አሲዳማ ነው። ፒኤቹ ወደ 5.9 ከወረደ ነርቩ ውስጥ መግባት የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። መርፌውን ከእብጠቱ አርቀን፣ ነርቩ ጥርሱ ጋ ሳይደርስ ከኋላ ወጋን። እኚያ እናት ጎዝ ነክሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ጅማ ላይ ለብቃት ምዘናው የሚዘጋጁ ልጆች «መሠረታዊ ሳይንሱን በምን ላንብብ?» ብለው ሲጠይቁኝ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ ሁሉም ተምረዋቸዋል። ግን ከተማሩ ሦስት አራት ዓመት አልፏል። አሁን ጊዜው አጭር ነው፣ ፒዲኤፉ ደግሞ ተራራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው መንገድ ያወጣል የሚለው ነው። እኔ ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ብዙ ወር በልተውብኛል።

መጽሐፉን ከገጽ አንድ መጀመር

ይህ በጣም የሚያጓጓ መንገድ ነው። ትልቁን የአናቶሚ መጽሐፍ ከላይብረሪ ታወጣላችሁ፣ ሃይላይተር ትገዛላችሁ፣ «በዚህኛው ዙር ከሥሩ ነው የማውቀው» ትላላችሁ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ላለው ሰው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በጭንቅ ላለፈ ሰው፣ ከመጽሐፍ የሚተካከል የለም። ፊዚዮሎጂን በተለይ ከሙሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያስታውቃል። «ለምን?» ሲባል አይደናገጥም።

ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ሦስት ወር አንብቦ ገና ሴልና ቲሹ ላይ የቆመ ሰው ብዙ አውቃለሁ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሁሉም የሕክምና ተማሪ ነው። የእግር ጡንቻና የእጅ አጥንት በየተራቸው ይመጣሉ። የእናንተ ፈተና ግን ራስና አንገት ላይ ነው የሚከብደው። ስለዚህ መጽሐፍ ከመረጣችሁ ከማውጫው ጀምሩ። ራስና አንገት፣ የደም መርጋት፣ የልብና የደም ግፊት፣ ኢንፍላሜሽን፣ የበሽታ መከላከል ሥርዓት፣ የካልሲየም ቁጥጥር። እነዚህን አስቀድሙ። የቀረው ጊዜ ከተረፈ ይነበባል።

ሃንድአውትና ስላይድ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሃንድአውት ጥሩነቱ አጭር መሆኑ ነው። መምህሩ ከባሕሩ የቀዳው ነው፣ ዋና ዋናውን መርጦላችኋል። ግን ስላይድ ያለ መምህሩ ማብራሪያ ግማሽ ነው። ሦስት ቃል ተጽፎ በመካከላቸው ቀስት ይኖራል። ቀስቱ ምን ማለት እንደነበር ያኔ ክፍል ውስጥ ገብቷችሁ ነበር፣ አሁን ግን ጠፍቷል። ሃንድአውትን እንደ ካርታ ተጠቀሙበት። የት የት መድረስ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል። ቀስቱ ያልገባችሁ ቦታ ላይ ብቻ መጽሐፍ ክፈቱ።

ጥያቄ ቀድሞ፣ መጽሐፍ በኋላ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ዘግይቼ ነው የደረስኩበት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ ሠርተው ነበር። አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ራሱን ፈተነ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ማታ አንብባችሁ «ገብቶኛል» ብላችሁ ተኝታችሁ፣ በሳምንቱ ባዶ የምትሆኑት ለዚህ ነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ግን ከእውቀቱ ቀድሞ ይመጣል።

አሠራሩን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። «የታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሱ የተቦረቦረ የ30 ዓመት ሰው አገጩ ሥር አብጦ፣ ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ለመዋጥ ተቸግሮ መጣ። ኢንፌክሽኑ መጀመሪያ የገባው ወደ የትኛው ክፍተት ነው?» አራት ምርጫ አለው። እናንተ «ሰብማንዲቡላር» (ከታችኛው መንጋጋ ሥር ያለው) ብላችሁ መለሳችሁ እንበል። ትክክል ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል። እናንተ ግን ቆም በሉ።

ለምን ሰብሊንጓል (ከምላስ ሥር ያለው) አልሆነም? ምክንያቱም የታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጠኛ ጎን ላይ ማይሎሃዮይድ የሚባለው የአፍ ወለል ጡንቻ የሚጣበቅበት መስመር አለ። የሁለተኛውና የሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ብዙውን ጊዜ ከዚያ መስመር በታች ይወርዳል። ስለዚህ መግሉ ወደ ታች ይወጣል። የፊተኞቹ ጥርሶች ሥር ከመስመሩ በላይ ስለሚቀር ወደ ምላስ ሥር ይሄዳል። ምላሱ ለምን ተገፋ? ኢንፌክሽኑ በጡንቻው የኋላ ጠርዝ ዞሮ ወደ ላይኛው ክፍተት ስለገባ ነው። በሁለቱም ጎን ከተዛመተ ሉድዊግ አንጃይና ይባላል፤ የሚገድለው ደግሞ አየር መንገዱን ዘግቶ ነው። አያችሁ፣ ከአንድ ጥያቄ የአናቶሚ ገጽ፣ የፓቶሎጂ ገጽና የድንገተኛ ሕክምና ገጽ ወጣ። አሁን መጽሐፉን ብትከፍቱ ዓይናችሁ የሚፈልገውን ያውቃል።

በቀን ሃያ ጥያቄ እንዲህ መሥራት መቶ ጥያቄ እየተሽቀዳደሙ ከመጨረስ ይሻላል። መልሱን ሳታዩ አንዱን ምረጡ። ከዚያ የተሳሳቱት ሦስቱ ለምን እንደተሳሳቱ በአንድ አንድ መስመር ጻፉ። በጽሑፍ መሆን አለበት። በአእምሮ «አዎ አውቀዋለሁ» ማለት አይቆጠርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ደግሞ ስህተቱ ይባዛል። እኔ ራሴ ሎንግ በካል ነርቭን (የጉንጭ በኩሉን ድድ የሚያዳርሰውን) በኢንፌሪየር አልቪዮላር ብሎክ (የታችኛውን ጥርስ በሚያደነዝዘው መርፌ) የሚደነዝዝ አድርጎ የመለሰ ፋይል ይዤ ሁለት ወር ዞሬያለሁ። አይደነዝዝም፤ ለብቻው ነው የሚወጋው። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ካልተስማማ መጽሐፉን እመኑ። ሁለተኛው ችግር ጥያቄውን መሸምደድ ነው። ያው ጥያቄ በስም ተቀይሮ ሲመጣ የሚወድቀው «ሲ ነበር መልሱ» ብሎ የሚያስታውሰው ሰው ነው።

ፍላሽ ካርድ

በማሰብ የማይደረስበት፣ ዝም ብሎ መታወስ ያለበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ በስድስት ዓመት፣ የላይኛው ክራንቻ በ11 እና 12 ዓመት መካከል ይወጣል። በቫይታሚን ኬ የሚሠሩት የደም መርጊያ ፋክተሮች 2፣ 7፣ 9 እና 10 ናቸው። ሄሞፊሊያ ኤ ፋክተር 8 ሲጎድል፣ ቢ ፋክተር 9 ሲጎድል ነው። የኢናሜል (የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) ክብደት 96 ከመቶ ማዕድን ነው፤ መሟሟት የሚጀምረው ፒኤቹ 5.5 አካባቢ ሲደርስ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ካርድ ይሻላል።

ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው የተማርነው በመጀመሪያው ቀን ነው በፍጥነት የሚሸሸን። ሊጠፋ ሲል ከያዙት ይቆያል። አንኪ የሚባለው አፕ ይህንን ቀን ራሱ ያሰላላችኋል። ካርዱ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዳታ ባለቀበት፣ መብራት በጠፋበት ማታ ስልኩ ባትሪ ካለው ይሠራል። ባጃጅ ስትጠብቁም ይሠራል።

ግን ካርዱን ራሳችሁ ጻፉት። ሰው የሠራው አምስት ሺህ ካርድ አውርዶ በሁለተኛው ሳምንት ያልተወ ሰው አላየሁም። ካርዱ ላይ የምትጽፉት ደግሞ ጥያቄ ስትሠሩ የሳታችሁትን ብቻ ይሁን። ያን ጊዜ በቀን አሥር አሥራ አምስት ይሆናል፣ አይከብድም።

ቡድን፣ ከቡና ጋር

ቡድን ሲባል ሰባት ሰው ተሰብስቦ አንዱ እያነበበ ሌሎቹ የሚሰሙበትን አላልኩም። እሱ ደስ ይላል፣ ግን ጥናት አይደለም። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አራት ከሆነ በዛ።

የእኛ ቡድን ፈረንጅ አራዳ ጋ በተከራየነው ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ይገናኝ ነበር። አከራያችን ቡና ያፈላሉ። አቦል እስኪቀርብ አንዱ ይነሳና ባዶ ወረቀት ይወስዳል። የፊትንና የጥርስን ስሜት የሚያደርሰውን ትራይጀሚናል ነርቭን ከአንጎል ግንድ ጀምሮ ይስላል፤ ሦስት ቅርንጫፍ፣ ሦስት ቀዳዳ። የመጀመሪያው በሱፒሪየር ኦርቢታል ፊሸር፣ ሁለተኛው በፎራሜን ሮተንደም፣ ሦስተኛው በፎራሜን ኦቫሌ። ከዚያ ሦስተኛውን ይዞ ይወርዳል፤ ሊንጓል ወዴት፣ ኢንፌሪየር አልቪዮላር ወዴት። ሌሎቻችን አናርመውም፤ እንጠይቀዋለን። «መርፌው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ቢሄድስ?» ፓሮቲድ የምራቅ እጢ ውስጥ ይገባል፤ የፊት ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ፌሻል ነርቭ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ለጥቂት ሰዓት ዓይኑን መክደን ያቅተዋል። «ከሦስት ቀን በኋላ አፌ አልከፈት አለ ቢልህስ?» ሚዲያል ቴሪጎይድ የሚባለው የማኘኪያ ጡንቻ ተወግቶ ይሆናል። አንድ ቀን አንዷ ጓደኛችን ቅርንጫፎቹን በቡና ቁርስ ቆሎ ሠራችው፤ ረከቦቱ አጠገብ መሬት ላይ ደረደረችና ቆሎውን ተከትለን አለፍነው። እስከ ዛሬ ያ ነርቭ ቆሎ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ቡድን የሚያዋጣው ለሚሳል ነገር ነው። አናቶሚ፣ የጥርስ አፈጣጠር፣ የፊት ኤምብሪዮሎጂ። የላይኛው ከንፈር የሚሰነጠቀው በፅንሱ ፊት ላይ ማክሲላሪ ፕሮሰስ የሚባለው ክፍል ሚዲያል ኔዛል ፕሮሰስ ከሚባለው ጋር ሳይጣበቅ ሲቀር ነው የሚለውን አሥር ጊዜ ከማንበብ አንዴ መሳል ይሻላል። ባዮኬሚስትሪ ግን ለቡድን አይሆንም። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ነው የሚገባው፤ በቡድን ሲሆን አንዱ ያስረዳል፣ ሁለቱ ጭንቅላት ይነቀንቃሉ።

ከሜዳ የመጣውን አትርሱ

ጅማ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የታወቀች ናት። ይህ ነገር ለፈተናም ይጠቅማል። ገጠር ወርዳችሁ ያያችሁትን ከመሠረታዊ ሳይንሱ ጋር አያይዙት። የሕፃን ድድ በማያውቁ ሰዎች ተቆርጦ የወተት ክራንቻው የተነቀለበት ልጅ አይታችሁ ከሆነ፣ የቋሚው ጥርስ እምቡጥ ከሥሩ እንዳለ ለምን ትሸመድዳላችሁ? አይታችሁታል። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ፣ ጥርሱ ቡናማ የሆነ ባችሜት ካላችሁ የፍሎሮሲስ ምዕራፍ አጠገባችሁ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ኢናሜል ገና እየተሠራ ሳለ ከዚያ ሲበልጥ ጥርሱ የመጎዳቱ ዕድል ይጨምራል። ጫት በሚያደርበት ጉንጭ ውስጥ ነጭ ሆኖ የወፈረውን ሽፋን ያየ ሰው ደግሞ ኬራቶሲስን ከሥዕል መማር አያስፈልገውም። የአፍንና የፊትን ሥጋ የሚበላው ኖማ በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በዓለም ጤና ድርጅት ገብቷል። ለሌላ አገር ተማሪ የመጽሐፍ ፎቶ ነው፤ ለእኛ አገር የጥርስ ሐኪም ግን ታካሚ ሆኖ ሊመጣ የሚችል ነው።

እንደ ጊዜያችሁ

ስድስት ወር ካላችሁ፣ ጠዋት መጽሐፍ፣ ማታ ጥያቄ። ፊዚዮሎጂና ፓቶሎጂን በደንብ አንብቡ፤ ሌላው ሁሉ በእነዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ሁለት ወር ካላችሁ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚባለውን ተዉት። በጥያቄ ጀምሩ፣ የሳታችሁትን ብቻ በመጽሐፍ ክፈቱ፣ ካርድ ጻፉ፣ በሳምንት አንድ ቀን በቡድን ሳሉ። ጤና ጣቢያ እየሠራችሁ ለምትዘጋጁም ይኸው ነው፤ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ብትሰጡት ይሄዳል።

ሦስት ሳምንት ከቀራችሁ ደግሞ መምረጥ ግድ ነው። እኔ ብሆን ባዮኬሚስትሪን በሃንድአውት ብቻ እዘጋዋለሁ። ማደንዘዣን፣ ራስና አንገትን፣ የደም መርጋትንና ኢንፌክሽንን አጠብቃለሁ። ስሌትም አትናቁ። 2 ከመቶ ሊዶኬይን 1.8 ሚሊሊትር ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ውስጥ 36 ሚሊግራም አለ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከፍተኛውን መጠን በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ብላችሁ ብታሰሉ 88 ሚሊግራም ነው፤ ሁለት ካርትሪጅ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን እጃችሁ ለምዶት ግቡ።

ስለ ሌሊቱ

እዚህ ከተማ ስለ ጥናት ተወርቶ ጫት ካልተነሳ ጎደሎ ነው። ብዙ ልጅ መርቅኖ ነው የሚያነበው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው፤ ያነቃል፣ ያስወራል፣ ሁሉም ነገር የገባ ያስመስላል። ከዚያ እንቅልፍ ያሳጣል። ያነበባችሁት ነገር የሚቀመጠው ደግሞ ስትተኙ ነው። እኔ ሁለት ባች አብሬ አጥንቻለሁ። ሌሊቱን መርቅነው ያነበቡት በማግሥቱ ከሰዓት ምን እንዳነበቡ ሲጠየቁ አብዛኛውን አያገኙትም ነበር። ተኝቶ አሥራ አንድ ሰዓት የተነሳው ያገኘዋል። ምርጫ ካላችሁ ጠዋቱን ምረጡ። ጅማ ጠዋት ዝናቡም ያባራል፣ ግቢውም ዝም ይላል።

የአሜሪካውን ለሚያስቡ

አንዳንዶቻችሁ ለአገር ውስጡም ለአሜሪካውም ፈተና በአንድ ዝግጅት መቀመጥ ትፈልጋላችሁ። መሠረታዊ ሳይንሱ አንድ ነው፣ አቀራረቡ ግን ይለያያል። የአሜሪካው አገር አቀፍ የጥርስ ሕክምና ፈተና፣ አይኤንቢዲኢ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የጀመረ ነው። 500 ጥያቄ አለው፤ 360ው በመጀመሪያው ቀን፣ 140ው በሁለተኛው ቀን። ከዚያ በፊት የነበረው ፈተና መሠረታዊ ሳይንስን ለብቻው በአንደኛው ክፍል ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ከክሊኒኩ ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ ሲኒየሮች የሚያወርሷችሁ የአንደኛው ክፍል ፒዲኤፍ እውቀቱ ይጠቅማል፣ የአጠያየቅ ዘዴው ግን ያረጀ ነው።

መልሱም የሚለያይበት ቦታ አለ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ብቻ ያለባት፣ ቫልቯ ያልተቀየረ ልጅ ጥርስ ከመነቀሏ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል ወይ ቢባል፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2007 ጀምሮ ባጠበበው ዝርዝር ውስጥ አትገባም። ሌሎች አገሮች ሌላ መመሪያ አላቸው። ለአገር ውስጡ ፈተና የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ ተከተሉ። ሁለቱን አንድ ካርድ ላይ አትጻፉ፣ በፈተናው ቀን ይምታታባችኋል። ደግሞ ያኛውን ማለፍ ብቻውን አሜሪካ የመሥራት ፈቃድ አይሰጥም፤ አብዛኛው ግዛት እዚያው አገር እውቅና ያለው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ይጠይቃል። ብራችሁንም ጊዜያችሁንም ከማፍሰሳችሁ በፊት ይህን አስቡበት። የአገር ውስጡን ፈቃድ ቀድማችሁ ብትይዙ ግን እየሠራችሁ መዘጋጀት ትችላላችሁ።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር አትጀምሩ። ካርዳችሁንና የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ብቻ አገላብጡ። በዋዜማው ማታ አንድ ባዶ ወረቀት አውጡና ትራይጀሚናልን ከግንዱ እስከ ታችኛው ከንፈር ሳሉት። እጃችሁ ካልቆመ ወረቀቱን አጥፋችሁ ተኙ። ከቆመ ደግሞ የቆመበትን ቦታ ብቻ ክፈቱ፣ እንደገና ሳሉት፣ ከዚያ መብራቱን አጥፉ።